ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ከፍቶታል

የሟች ወንበር ላይ ወዶ የሚቀመጥ የለም፤ ሥራ ፈላጊ ግን ወንበሩ የማን ነበር ብሎ አይጠይቅም። ጋሽ ቀስ ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ፣ በማተሚያ ቤቱ ላይኛው ፎቅ መስኮት ሥር ያለው ቦታቸው ለአዲሷ አራሚ ተሰጠ። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ቁጭ ስትል ወንበሩ ካሰበችው በላይ ዝቅ አለባት። ከፍ ልታደርገው ከሥሩ ያለውን ማንሻ ሳብ ሳብ አደረገችው፤ ወይ ፍንክች! ከሟቹ ጋር የመጀመሪያው ክርክሯ ይኸው ነበር፤ ተሸነፈች።

ጋሽ ቀስን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚሁ ቅጽል ነበር። ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሲያዩ «ቀስ»፣ ጎርሶ የሚያወራ ሲያዩ «ቀስ»፣ አለቃው ሲቆጣም «ቀስ»። አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ በሥራ የሚደርስባቸው አልነበረም። በወጣትነታቸው የወረቀት መቁረጫ ማሽን የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች፣ የቀለበት ጣታቸውንና ትንሿን፣ ወስዶባቸዋል። አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባላል፤ የእሳቸው ሦስቱ ግን ከሌላው ሰው ዐሥሩ ይበልጡ ነበር። ማተሚያ ቤቱ የሚኮራበትን ትልቁን መዝገበ ቃላት ለዓመታት ብቻቸውን ሲያርሙ ኖረው፣ መጨረሻው አካባቢ ሲደርሱ፣ አንድ ቀን «ደረቴን ያዘኝ» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እንደ ተነሡ ቀሩ።

«የጀመሩትን መጨረስ እንግዲህ ያንቺ ፋንታ ነው» አላት አለቃው። ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። «መዝገበ ቃላቱን ከጨረስሽ ቦታው ላንዴም ለሁሌም ያንቺ ነው። ካልጨረስሽ ግን እኔም ካንቺ ጋር ሥራ ፍለጋ መውጣቴ ነው።»

ኪቦርዱን ስታየው ግራ ገባት። የግራውና የመሐሉ ቁልፎች ፊደላቸው ከመዳሰስ ብዛት ጠፍቶ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሰዋል። የቀኙ ዳር ግን ትናንት ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል። ለዓመታት ጣት አልነካውም።

ሽቦ የሚሉት የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ቅጽሉን ያወጡለት ከሚጎትተው ገመድ ይሁን ከቅጥነቱ እሱም አያውቅም።

«እህቴ፣ ይኼ አንቺ እንደለመድሽው ዓይነት መጻፊያ አይደለም» አላት። «ሁለት ሁኔታ አለው። አንዱ መጻፊያ ነው፤ ፊደል ስትነኪ ፊደል ይጽፋል። ሌላው ማዘዣ ነው፤ ያንኑ ፊደል ስትነኪ አይጽፍም፣ ይታዘዛል። አንዱ ቃል ይሰርዛል፣ አንዱ መስመር ያነሣል፣ አንዱ የጠፋውን ይመልሳል። የትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለሽ ማወቅ ያንቺ ድርሻ ነው።»

«ካላወቅሁስ?»

«ካላወቅሽማ ‹ሰላም› ብለሽ ልትጽፊ ስትዪ ገጹን ድራሹን ታጠፊዋለሽ።» ሽቦ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ከመጻፊያው ወደ ማዘዣው ለመውጣት ሌላው ሰው እዚያ ጥግ ያለችውን ቁልፍ ነው የሚጫነው። ጋሽ ቀስ ግን ሁሉንም ለሦስት ጣት አመቻችተው ለውጠውታል። ‹ጄ› የምትባለውን ቁልፍ በአመልካች ጣትሽ ሁለቴ፣ ጠቅ ጠቅ፤ በቃ፣ ወጣሽ። ሥራ ስትጨርሺ ደግሞ አውራ ጣት፣ አመልካች፣ መሐል ጣት፣ በተራ። አስቀምጦ ይዘጋል። እሳቸው ይቺን ሦስት ምት ሳይመቱ ከወንበር ተነሥተው አያውቁም። ከዚያ ቀን በስተቀር።»

«ለእኔ እጅ እንዲሆን አድርገህ አትመልስልኝም?»

ሽቦ ራሱን አከከ። «ሞክሬ ነበር። የመዝገበ ቃላቱ ትእዛዞች ሁሉ ከእሳቸው ቁልፎች ጋር ተቆላልፈዋል። አንዱን ስነካ ሌላው ይፈርሳል። እጅ ይለምዳል እህቴ፤ ማሽን ነው የማይለምደው።»

እሷም አመነችው። ሽቦ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ እንዳይበዛበት የሚፈራ ሰው ነው እንጂ። የዓለም ግማሽ ጣጣ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ደግ ሰው ነው።

መዝገበ ቃላቱን ስትከፍተው ጽሑፉ ከመምጣቱ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ «ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ከፍቶታል። ሥራው አልተዘጋም። ቢቀጥሉ የሁለት ሰው ሥራ ሊደባለቅ ይችላል።»

«ማን ነው የከፈተው?» አለች።

«ማንም። ጋሽ ቀስ ሳይዘጉት ስለተነሡ የቀረ ርዝራዥ ነው» አለ ሽቦና ርዝራዡን አጠፋው። በማግሥቱ ጠዋት ስትመጣ ማስጠንቀቂያው ቦታው ላይ ነበር። ሽቦ ተጠርቶ አጠፋው። በማግሥቱም መጣ። የኋላ ኋላ ሽቦ «እለፊው በቃ፣ አይነክስሽ» ብሎ ተገላገላት፤ እሷም በየጠዋቱ «ይቀጥል» እያለች ታልፈው ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መከራ ነበሩ። ቃል ልትጨምር ስትል መስመር ይጠፋል። መስመሩን ልትመልስ ስትል ሌላ ገጽ ላይ ዘላ ትገኛለች። አንድ ቀን ካስነጠሳት በኋላ ቀና ብላ ብታይ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት በሙሉ የሉም። ክው አለች። ሽቦ እየሮጠ መጥቶ በአንድ ቁልፍ መለሰላት፤ እሷ ግን ምሳዋ ሳይበላ ዋለ። ብዙ ካጠናች በኋላ ጥፋተኞቹን ለየቻቸው። ሌላ ማንም አይደለም፤ ጋሽ ቀስ ያልነበሯቸው የራሷ ሁለት ጣቶች ናቸው። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ የድሮ ሥራቸውን ፍለጋ ወደ ቀኙ ዳር ይሮጣሉ፤ እዚያ ደግሞ ማንም ያልነካቸው ቁልፎች ያልተጠበቀ ነገር ያደርጋሉ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ስለዚህ አሰረቻቸው።

የታረሙ ወረቀቶች ከሚጠቀለሉበት ላስቲክ አንዱን መዘዘችና ሁለቱን ጣቶች አጥፋ ከመዳፏ ጋር ጠፈረቻቸው። አለቃው አይቶ «ምን አደረጉሽ ድሆቹ?» አላት። «ሥራ ፈት ስለሆኑ ነው» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ገመድ ሲያስር የሚያየው ሰው መሳቅ አልነበረበትም።

ቤቷ ከአንዲት ልጇ ሌላ ማንም የላትም። ልጅቷን ሚጡ እያለች ነው የምትጠራት። እሑድ እሑድ ሚጡን ጉልበቶቿ መሐል አስቀምጣ ጸጉሯን ትሠራታለች፤ ያ ሰዓት ለሁለቱም የሳምንቱ ትልቅ ጦርነትም ትልቅ ፍቅርም ነው። የእናቲቱ እጅ ብርቱ ነው። አጥብቃ ትይዛለች፣ አጥብቃ ትስባለች፤ ሚጡም ገና ማበጠሪያው ሳይነካት «ቀስ! እማዬ ቀስ በይ!» እያለች ጎረቤት ታሰማለች። «ቆንጆ ለመሆን ትንሽ ማመም አለበት» ትላታለች እናቷ። ሲያልቅ ይሳሳማሉ፤ እርቅ ይወርዳል።

ላስቲኩ ከታሰረ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እጇ ለመደ። መልመድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መጀመሪያ «ጄ»ን ሁለቴ መንካት ሳታስበው ይመጣ ጀመር። ከዚያ ትእዛዞቹ መጡ፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ ልክ የሰፈር ልጆች ተጠራርተው እንደሚወጡ። ገጹን ዐይኗ ጨርሶ ሳያየው እጇ ስሕተቱ ላይ ደርሶ ይጠብቃታል። ሽቦ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ አየና «ይቺን ትእዛዝ ማን አሳየሽ?» አላት።

«አንተ ነሃ።»

«እኔ አላውቃትም» አለ ሽቦ።

አለቃውም ከክፍሉ ወጥቶ የቁልፎቹን ድምፅ አዳመጠ። «ጋሽ ቀስ ተነሡ እንዴ?» ብሎ ሳቀና፣ መልሶ ምላሱን ነከሰ። እሷ ግን ውስጧን ደስ አላት። ቦታው የእሷ ሊሆን ነው፤ የሚጡ ትምህርት ቤት፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሁሉም ነገር መሬት ሊይዝ ነው። ደስታዋን ለማክበር ላስቲኩን ፈታችው።

ጣቶቹ አልተዘረጉም።

እንደታጠፉ መዳፏ ላይ ተኝተዋል። በግራ እጇ ብትዘረጋቸው ይዘረጋሉ፤ ስትለቃቸው ተመልሰው ይተኛሉ። ቀዝቃዛ ናቸው፤ ከቧንቧ ሥር የከረመ ነገር ዓይነት ቅዝቃዜ። ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ ሲያበቃ «ነርቩም ጡንቻውም ደህና ነው። ብቻ ጣቶቹ መኖራቸውን እጅሽ የረሳ ነው የሚመስለው» አላት። ይህን የመሰለ ነገር ነግሮ በደህና ሂጂ የሚል ሐኪም ምን ይባላል?

በዚያው እሑድ ሚጡን ጉልበቷ መሐል አስቀመጠች። በሦስት ጣት እንዴት ሊሆን ነው ብላ ተጨንቃ ነበር። እጇ ግን አልተጨነቀም። ማበጠሪያውን ያዘና ከቀኝ ጆሮ ጀምሮ ወደ ግራ ጆሮ አግድም ይጎነጉን ጀመር፤ እሷ ሠርታው በማታውቀው አሠራር። የአንዱን ጉንጉን ጫፍ ከሚቀጥለው ሥር እያሾለከ ያስይዘዋል፤ ጫፉን ይዞ የሚቆይ ትንሽ ጣት ስለሌለ። እየለሰለሰ፣ እያባበለ ይሠራል። ሚጡ አንዴም «ቀስ» አላለችም። ዝም ብላ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ጨረሰች።

«አላመመሽም?» አለቻት እናቷ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ሚጡ አልዞረችም። «እማዬ» አለች ቀስ ብላ፤ «ዛሬ የሠራኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

«አይ» አለች ልጅቱ። «አንቺ አይደለሽም።»

ከዚያ ወዲያ ሚጡ መንገድ ስትሻገር የእናቷን ቀኝ እጅ አትይዝም። ዞራ በግራ በኩል ትመጣለች። ማታ ስትስማትም፣ ያ እጅ ወደ ጉንጯ ሲቀርብ ዐይኗን ትጨፍናለች። አራሚዋ ሌላውን ሁሉ ትችለው ይሆናል፤ ይህን ግን አልቻለችውም። እጅ እኮ ለእናት መጻፊያ ብቻ አይደለም፤ ልጇን የምታውቅበትም ነው።

ሰኞ ጠዋት ቀጥ ብላ ሽቦ ዘንድ ሄደች። «የሰውየውን ቁልፎች አጥፋልኝ። ዛሬውኑ።»

«መዝገበ ቃላቱስ?»

«ይጥፋ!»

ሽቦ አለቃውን ጠራ፤ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ተናገረ። «ይኸው አፋፉ ላይ ደርሰናል። ጨርሺና ከዚያ እንኳን ቁልፉን ጠረጴዛውን አውጥተን እንጥላለን።» ልጇን አሰበች፣ ኪራዩን አሰበች፣ ወደ ዝቅተኛው ወንበር ተመለሰች።

በዚያው ቀን ነው ቅጂውን የነካችው። መጻፊያው እጅ ያደረገውን በአንድ ፊደል ሥር ቀድቶ ያስቀምጥና ሲታዘዝ ይደግመዋል። አመልካች ጣቷ አዳልጧት ነው ወይስ ሄዶ፣ እሷ አታውቅም፤ ብቻ ጋሽ ቀስ ድሮ ከቀዷቸው አንዱ ተነሣ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየች። ጠቋሚው በጽሑፉ መሐል ብቻውን ይሄዳል። ያርማል፣ ይወርዳል። አንድ ቃል ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ብልጭ ድርግም እያለ ቆየ። ወደ ኋላ ሁለት ቃል ተመልሶ እንደገና አነበበ፤ አዎ፣ ማንበብ ነው ሌላ ስም የለውም፤ ከዚያ መጥቶ እሷ ጠዋት ያለፈቻትን አንዲት ስሕተት አረመና ቀጠለ።

«ቅጂ መሐል ላይ ቆሞ ያስባል እንዴ?» አለችው ሽቦን።

«ቅጂ አያስብም። የተቀዳውን ባንድ ትንፋሽ ነው የሚደግመው።»

«ይኼ ቆመ። ደግሞ ስሕተቷ የዛሬ ናት፤ ያኔ አልነበረችም።»

ሽቦ ማሽኑን አየ፣ እሷን አየ። «አርጅቶ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሽቦ ያቺን ኪቦርድ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ማዘዝ ያለበትን ከሩቅ ሆኖ በአፉ ነው የሚያዘው።

ትምህርት ቤት በተዘጋበት አንድ ከሰዓት ሚጡን ይዛት መጣች። ልጅቷ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትሥላለች። ጸጉሯ ያው ያ አግድም አሠራር ነው፤ ሌላ የምትሠራበት እጅ ከየት ይምጣ። በሩ ተንኳኳና አንዲት ጥቁር የለበሱ፣ ሻሽ ያሰሩ እናት ገቡ። የጋሽ ቀስ ባለቤት ናቸው። አለቃው ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ «እትዬ፣ በሰው እንልክልዎት ነበር እኮ፣ ለምን ተቸገሩ?» አለ። የባላቸውን ሹራብና የመነጽር ማህደር ሊወስዱ ነው የመጡት።

ሹራቡን አራሚዋ ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠቻቸው። እትዬ ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተቆልምመው እንደ ደረቀ ሥር ሆነዋል። ሹራቡን በክንዳቸው አቀፉት። ሊወጡ ዞር ሲሉ ሚጡን አዩ።

ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና የልጅቷን ጸጉር ከላይ አዩ፤ በተቆለመመው ጣታቸው አንዱን ጉንጉን ተከትለው ጫፉ ከሚቀጥለው ሥር የተሸሸገበት ድረስ ሄዱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ማነው ይህን የሠራሽ የኔ ልጅ?»

ሚጡ እናቷን በዐይኗ አሳየች።

እትዬ ወደ አራሚዋ መጡ። ዐይናቸው ፊቷ ላይ አላረፈም፤ ቀኝ እጇ ላይ ነው። እጇ ደግሞ፣ የታጠፉ ሁለት ጣቶቹን ይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ በአመልካች ጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። እሷ አላዘዘችውም።

«ከቤት ሊወጣ ሲል እንዲህ ያደርግ ነበር» አሉ እትዬ፤ «መቃኑ ላይ። ጠቅ ጠቅ።» ሻሻቸውን በክርናቸውና በጥርሳቸው እየታገሉ ፈቱት። አራሚዋ አየች። የራሳቸው ግማሽ ተጎንጉኗል፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አግድም፣ ጫፉ እየተሸሸገ። አድጎ፣ ሻክሮ፣ ጭጎጎት ሆኗል እንጂ ያው ነው። የቀረው ግማሽ ተበትኖ ይንጨባረራል።

«እጄ እንዲህ ከሆነ ወዲህ የሚሠራኝ እሱ ነበር» አሉ። «ያን ቀን ጠዋት ጀመረና ሰዓት ደረሰበት። ‹ማታ እጨርስልሻለሁ፣ እንዳትፈቺው› ብሎኝ ወጣ። አልፈታሁትም። ልጆቼ እየተቆጡ፣ ጎረቤት እየታዘበኝ፣ ይኸው አልፈታሁትም። ማታ ይመጣና ጎኔ ይቆማል ልጄ። ይታወቀኛል። ሊጨርስ ይፈልጋል፤ በምኑ ይጨርስ? እጅ የለው።»

አለቃው ሄዶ በሩን ዘጋ።

«ጨርሺልኝ» አሉ እትዬ። «በሞቴ።»

አራሚዋ ሚጡን አየች። የፈራችው ግልጽ ነበር። እስካሁን እጇ የሚሄደው እሷ ሳታውቀው ነው፤ አሁን ወዳ ከሰጠችው ግን ሰጠችው ማለት ነው። ወዶ የሰጡትን ማን ይመልሳል? እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። ግን ያንን ግማሽ ራስ አይታ እንዴት ትተኛለች? ደግሞስ፣ ሥራው ያላለቀ ሰው ከወንበሩ አይነሣም። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ያን ሰሞን ሙሉ ካለቀ እነሣለሁ እያለች የምትቀመጥ ሰው ነበረች።

ያን ዝቅተኛ ወንበር ለእትዬ ሰጠችና ከኋላቸው ቆመች። «ሂድ እንግዲህ» አለች በልቧ፤ «ጨርስና ሂድ።»

እጁ ሄደ። ሌላ ምን ይባላል፣ እሷ ቆማ የምታይ ሆነች። ማበጠሪያ የለም፤ በሦስት ጣት ይከፍላል፣ ይፈታል፣ ያባብላል። የሻከረውን እየዳበሰ ያላላል። ቅዝቃዜው ከሁለቱ ጣቶች ተነሥቶ አምባር የሚታሰርበትን አልፎ ክርኗ ደረሰ፤ ከክርኗም አልፎ ትከሻዋን ያዘ። ጥርሷን ነከሰች። ብብቷ ሥር ሲደርስ ልትጮኽ ፈለገች፤ አፏን ብትከፍተው የሚወጣው ድምፅ የማን እንደሚሆን ስላላወቀች ዘጋችው። ሚጡ ተነሥታ መጥታ በግራ በኩል ቀሚሷን ጨበጠች። እትዬ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንባቸው ግን ሽፋሽፍታቸው ሥር አልቆመም።

የመጨረሻው ጉንጉን ጫፍ ከጆሮ ኋላ ገብቶ ተሸሸገ። እጁ ለአፍታ ማጅራታቸው ላይ ዐረፈ። ከዚያ መታ፤ አውራ ጣት፣ አመልካች፣ መሐል ጣት።

«ጨረሰ» አሉ እትዬ።

አራሚዋ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። ሁለቱ ጣቶች በመርፌ እንደተወጉ ያቃጥሏት ጀመር፤ ቃጠሎው እስከ ጥፍሯ ዘለቀ፤ ከሥቃዩ የተነሣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እያለቀሰች አየቻቸው። እየተንቀጠቀጡ፣ አንድ በአንድ፣ ተዘረጉ።

እትዬ ሻሻቸውን አላሰሩም። ጸጉራቸውን ለሰው ሁሉ እንዲታይ ትተው፣ ሹራቡን አቅፈው ወጡ። በሩን በክርናቸው ገፍተው ከፈቱና ወጥተው ይዘውት ቆሙ፤ አንድ ሰው ለማለፍ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ። ወደ ውስጥ እያዩ ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዘጉት። ሽቦ ማታውን ማንንም ሳይሰናበት ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት መዝገበ ቃላቱን ስትከፍተው ማስጠንቀቂያው አልመጣም። ጽሑፉ በቀጥታ፣ ምንም ሳይል፣ ተከፈተላት። አንድ ቃል ልታርም ቁልፍ ብትነካ መስመሩ ድራሹ ጠፋ። መልሳ ልትፈልገው ብትል ሌላ ገጽ ተገኘች። እጇ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ደነዝ ሆኗል። ቅጂውንም ሞከረችው፤ የትም ሳይቆም፣ ምንም ሳያነብ፣ ባንድ ትንፋሽ አልፎ ሄደ። አለቃው ሰማና ራሱን ያዘ። ሽቦ ግን ከብዙ ልመና በኋላ ኪቦርዱን ነካና አንዱን ቁልፍ ወደ ነበረበት መለሰው፤ ምንም አልፈረሰም። ሌላውን መለሰ፤ ምንም። «አልገባኝም» ይላል እስከ ዛሬ። መዝገበ ቃላቱን ለአምስት ጣት በተመለሰው ኪቦርድ፣ እየተንፏቀቀች፣ እየተሳደበች ጨረሰችው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን እሑድ መጣ። ሚጡን ጉልበቶቿ መሐል አስቀመጠቻት። ያን አግድም ጉንጉን አንድ በአንድ ፈታችውና ማበጠሪያዋን አነሣች። ጣቶቿ ገና ደርቀዋል፤ ቀንበር ያልለመደ በሬ ያህል ነው የሚታዘዙላት። አጥብቃ ያዘች፤ ሳበች።

«ቀስ!» ብላ ጮኸች ሚጡ። «እማዬ ቀስ በይ! አመመኝ እኮ!»

እናቲቱ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ ድምፅ አወጣች። ሚጡ ዞር አለች። የእናቷን ቀኝ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ ያዘችና ትንሿን ጣት በመዳፏ ጨበጠቻት። ቆየት አድርጋ መረመረቻት።

«ሞቃለች» አለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን አስተካክላ ተቀመጠች። «በይ ቀጥዪ። ሳትጨርሺኝ ግን እንዳትነሺ።»

«ሳልጨርስ አልነሣም» አለቻት እናቷ፤ አጥብቃም ሳበቻት።